የካምፕ ቡናችን ለምን ጭቃ ጭቃ ይላል?

የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ነገር ገርሞኛል። ስለ ድንኳን የጠየቀ የለም። ስለ ጫማም የለም። ሁሉም ቡና፣ ቡና፣ ቡና። በተለይ ደግሞ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግለው ማጣሪያ፣ ማለትም በወረቀት ማጣሪያው ቦታ የምትይዙት የብረት ወንፊት ወይም የጨርቅ ማጥለያ፣ ብዙዎቻችሁን አስቸግሯችኋል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ በጥብጦ የሚጠጣው ፈጣን ቡና የሚበቃው ሰው ገጹን ይለፈው፣ አንቀየምም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ወረቀት መሸከም ሰልችቶኝ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሾጣጣ ማጣሪያ ገዛሁ፣ ኩባያ አፍ ላይ የሚቀመጠውን ዓይነት። ቤት በወረቀት የማፈላውን ያንኑ ቡና ይዤ ወጣሁ። ውጤቱ ኩባያው ሥር ጭቃ፣ አፍ ውስጥ ምሬት። አንዳንዴ ደግሞ ውሃው ቆሞ ይቀራል፣ አልወርድም ይላል። ዕቃው ነው ችግሩ ወይስ እኔ? (ጭቃ ጠጪው)

መልስ፦ ዕቃውን እንዳትጥለው፣ ምንም አልሆነም። ነገሩ ያለው «ያንኑ ቡና» ያልከው ላይ ነው። ለወረቀት የተፈጨ ቡና ለብረት ወንፊት በጣም ልም ነው። የወረቀት ቀዳዳ በዓይን አይታይም፣ ደቃቁን ሁሉ ይይዛል። የብረቱ ግን ከዚያ በብዙ ይሰፋል፤ ከልሙ ቡና ከፊሉ ሾልኮ ኩባያህ ውስጥ ይገባል፣ ከፊሉ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ተሰክቶ መንገድ ይዘጋል። መንገድ ሲዘጋ ውሃው ቡናው ላይ ይቆያል፣ ሲቆይ ደግሞ ምሬቱን ጎትቶ ያወጣል። ስለዚህ ሦስት ችግር ያለብህ መስሎህ ነው እንጂ ያለብህ አንድ ነው።

ሸከር አድርገህ ፍጨው። በጣቶችህ መሃል ስታሸው ከገበታ ጨው ትንሽ ሻከር ማለት አለበት፣ ጣትህ ላይ እንደ አቧራ ከተለጠፈ ገና ልም ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ መፍጫውም ወሳኝ ነው። በሚሽከረከር ምላጭ የሚቆርጡት ማሽኖች እኩል አይፈጩም፣ ግማሹ ድፍን ሆኖ ሲቀር ግማሹ ዱቄት ይሆናል፣ ጭቃውን የሚያመጣውም ያ ዱቄት ነው። በጥርስ የሚፈጩት ይሻላሉ። ያለህ የምላጩ ብቻ ከሆነም አትጨነቅ፣ ከመውጣትህ በፊት የተፈጨውን በቀጭን የሻይ ማጥለያ ነፋ ነፋ አድርገውና የሚወርደውን ደቃቅ ለቤት ቡና አስቀረው። የቀረውን ይዘህ ውጣ።

መጠኑን ደግሞ ሳልነግርህ ባልፍ ነገ ሌላ ጥያቄ ትልክልኛለህ። ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ኩባያ 15 ግራም ማለት ነው፣ ሚዛን ከሌለህ (ድንኳን ውስጥ ማን ሚዛን አለው?) አፉ ልክ የተሞላ፣ ያልተቆለለ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል። መጀመሪያ ባዶውን ማጣሪያና ኩባያውን በፈላ ውሃ አሙቃቸው። ቡናውን ጨምርና የሚያርሰውን ያህል ብቻ ውሃ አፍስስበት፣ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ጠብቅ። አረፋ አረፋ እያለ ካበጠ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሲቆላ ውስጡ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነው፤ ሳይወጣ ውሃውን ብትደፋበት ጋዙ ውሃውን እየገፋ ቡናው በደንብ አይርስም። ከዚያ ቀስ እያልክ፣ መሃል መሃሉን፣ በቀጭኑ አንቆርቁር። በማንኪያ አታማስለው፣ ማማሰል ደቃቁን ሁሉ ወደ ቀዳዳው ነው የሚወስደው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ደቂቃ ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። አምስት ደቂቃ ከሞላው አሁንም ልም ነው፣ በአንድ ደቂቃ ከወረደ ደግሞ በጣም ሸክሯል።

ይህን ሁሉ አድርገህም ኩባያው ሥር ትንሽ ዝቃጭ ይኖራል። የብረት ማጣሪያ ጠባይ ነው። ቡናውም ከወረቀቱ ወፈር፣ ቅባት ቅባት ያለው ይሆናል፣ ምክንያቱም ወረቀት ይዞ የሚያስቀረው ዘይት እዚህ ያልፋል። ለእኔ ይሄ ጥቅሙ ነው፣ የማይወድ ሰው ግን አለ፣ መብቱ ነው። አንድ ደቂቃ አስቀምጠው፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዋት።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከልጆቼ ጋር ድንኳን ይዞ መውጣት ለምጃለሁ። ልጆቼ የብረት ማጣሪያ ገዙልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ኮሌስትሮል ካለብህ በብረት የተጣራ ቡና አትጠጣ» አለኝ። ኮሌስትሮል አለብኝ። እውነት ነው ወይስ እንዲሁ ወሬ? (አባት)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጎረቤትዎ ያወሩት ወሬ አይደለም። ቡና ውስጥ ካፌስቶል እና ካህዌኦል የሚባሉ ከዘይቱ ጋር የሚወጡ ነገሮች አሉ። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ እንደሚያደርጉ በጥናት የታወቀ ነው። ወረቀት አብዛኛውን ይዞ ያስቀረዋል። የብረት ወንፊት ግን ያሳልፈዋል፣ ፈረንች ፕሬስም (ቡናውን ዘፍዝፈው ወንፊቱን ወደ ታች የሚጫኑበት ዕቃ) እንዲሁ፣ ያለ ማጣሪያ ድስት ውስጥ የሚፈላውም እንዲሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዓመት አንዴ ሁለቴ ወጥተው አንድ ሁለት ኩባያ የሚጠጡ ከሆነና ቤት የሚጠጡት በወረቀት የተጣራ ከሆነ ነገሩ ብዙ የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። በየቀኑ የሚጠጡት በብረት የተጣራውን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ሐኪምዎን ያማክሩ። እኔ ቡና እንጂ ደም አልመረምርም። ሁለት አማራጭ ግን ልስጥዎ። አንደኛው የብረቱ ሾጣጣ ውስጥ ወረቀት ማንጠፍ ነው። ማጣሪያው መያዣ ይሆናል፣ ወረቀቱ ሥራውን ይሠራል፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ወረቀት ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የጥጥ ጨርቅ ማጥለያ ነው፣ ጨርቅ ከብረት ይልቅ ዘይቱን ይይዛል፣ ቡናውም ጠራ ይላል። ልጆችዎ እንዳይቀየሙ የመጀመሪያው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የጨርቅ ማጥለያ ነው ያለኝ። የመጀመሪያው ቀን ግሩም ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽታው አባረረኝ። በሳሙና አጠብኩት፣ ባሰበት፣ አሁን ቡናው ሳሙና ሳሙና ይላል። ልጣለው? (የሸተታት)

መልስ፦ አትጣዪው እህቴ፣ ገና ይድናል። የጨርቅ ጠላቱ ሁለት ነው፣ የቡና ዘይት እና እርጥበት። ዘይቱ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ አየር ሲያገኝ ይበላሻል። በዚያ ላይ እርጥቡን አጣጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ ከከተትሽው ሻጋታ ይጋበዛል። ሳሙናውን በተመለከተ ግን ጨርቅ የገባበትን ሽታ በቀላሉ አይለቅም፣ ስለዚህ ሽታ ያለው ሳሙና ፈጽሞ አይነካው።

አሁን የምታደርጊው፦ ድስት ላይ ንጹህ ውሃ ጥደሽ ጨርቁን ለ10 ደቂቃ ያህል ቀቅዪው፣ ውሃውን ደፍተሽ ድገሚው። ሳሙናው ካልለቀቀ ሦስተኛ። አዲስ ጨርቅም ቢሆን ከመጀመሪያው ቡና በፊት እንዲህ መቀቀል አለበት፣ ፋብሪካ ውስጥ የተቀባው ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ያለው ልማድ ቀላል ነው። ቡናው እንደወረደ፣ ገና ሙቅ እያለ፣ አተላውን አራግፊ፣ ገልብጠሽ በሙቅ ውሃ አለቅልቂ፣ አጥብቀሽ ጭመቂ፣ ነፋስና ፀሐይ ያለበት ገመድ ላይ ስቀዪው። ሳይደርቅ መነሳት ግድ ከሆነ ከቦርሳው ውጪ አንጠልጥዪው፣ እየሄድሽ ይደርቃል። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። ዝናብ ከሆነና ምንም የማይደርቅበት ቀን ከሆነ ጭምቅ አድርገሽ አፉ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ያዢውና ማታ ወይም ጠዋት ላይ እንደገና ቀቅዪው። ቤት ስትገቢ ደግሞ በየቀኑ የምትጠቀሚበት ከሆነ ንጹህ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ውሃውን እየቀየርሽ።

የብረት ማጣሪያ ያላችሁም ከዚህ የምትወስዱት አለ። ብረት አይሸትም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ዘይቱ ቀዳዳው ላይ ይጋገራል። ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ቀዳዳዎቹ የደበዘዙ ከመሰላችሁ ቤት ስትመለሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ዘፍዝፉትና በለስላሳ ብሩሽ እሹት። የውሃ ጨው የሠራው ነጭ ቅርፊት ከሆነ ደግሞ ኮምጣጤ ነው የሚያስለቅቀው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ማጣሪያውን በወንዝ ውሃ አለቅልቆ ወዲያው ቡና ማፍላት። ለቡናው የሚሆነውን ውሃ አፍልታችሁ፣ ማጣሪያውን ግን ባልፈላ ውሃ አርሳችሁ ከሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው። የወንዝና የምንጭ ውሃ ቢያንስ 1 ደቂቃ ሙሉ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ማጣሪያውና ኩባያውም የመጨረሻ መለቅለቂያቸው ከዚያ ከፈላው ይሁን። ውሃን በክሎሪን እንክብል የምታክሙ ደግሞ ሽታው ቡናው ላይ እንደሚመጣ እወቁ፣ ሳይከደን ሲፈላ በመጠኑ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ ስወጣ ቡናዬ ቀጭንና ኮምጣጣ ይሆናል። ያው ቡና፣ ያው ማጣሪያ፣ ያው መጠን። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ነው የማፈሰው። ምን ሆኖ ነው? (ከ3000 ሜትር በላይ)

መልስ፦ መንፈቅፈቁ አታሎሃል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይወርዳል ብለህ አስብ። 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 4000 ላይ ደግሞ ከ87 አይበልጥም። ለቡና የሚመከረው ከ90 እስከ 96 ነው። አንተ ያለህበት ቦታ ላይ ገና ከድስቱ ሳይወጣ ከልኩ በታች ሊሆን ይችላል። በቀጭኑ ስታንቆረቁረው ደግሞ በነፋስ ይቀዘቅዛል፣ የብረቱ ማጣሪያም ከጎኑ ይወስድበታል። ሙቀቱ ካነሰ ቡናው የሚሰጠውን ሳይሰጥ ይቀራል፣ ኮምጣጣነቱ ቶሎ ይወጣል፣ ጣፋጩና ከባዱ ግን ውስጡ ይቀራል።

የፈላ ውሃን ከዚያ በላይ ለማሞቅ አትሞክር፣ እሳት ብትጨምርበት በፍጥነት ይተናል እንጂ አይሞቅም። መንገዱን ቀይር። ተራራ ላይ ማንቆርቆሩን ተወውና ዘፍዝፈው። ውሃው ፈልቶ እሳቱን እንዳጠፋህ ቡናውን እዚያው ድስቱ ውስጥ ጨምር፣ አንዴ አማስል፣ ክደን፣ ድስቱን በሹራብ ወይም በፎጣ ጠቅልል። ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በማጣሪያው ወደ ኩባያ አጥልለው። ሙቀቱ ክዳኑ ሥር ስለሚቆይ በጊዜ ያካክስልሃል። ፔርሙስ ካለህ ደግሞ ፔርሙሱ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ከሁሉ ይበልጣል። ቡናውን ሩብ ያህል መጨመርም ይረዳል። ልም ማድረግ ግን ለብረት ወንፊት እንደማይሆን ላይኛው መልስ ላይ አይተናል፣ ሸካራነቱን ትንሽ ብቻ ቀነስ አድርገው።

ብርድ ስላለ የጋዙም ነገር አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ተራ ቡቴን ብቻ ከሆነ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል ወደ ጋዝነት መቀየር ያቆማል፣ የሚፈላበት ነጥብ 0.5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። አይሶቡቴን እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይሠራል፣ ፕሮፔን ደግሞ 42። ስለዚህ ለተራራ የአይሶቡቴንና የፕሮፔን ድብልቁን ግዛ፣ ማታ ሲሊንደሩን ስሊፒንግ ባግህ ውስጥ ይዘኸው እደር። «ብርድ ነው» ብለህ ግን ምድጃውን ድንኳን ውስጥ እንዳታበራ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልተናል። እኔ የቡናውን አተላ ዛፍ ሥር እደፋለሁ፣ ማዳበሪያ ነው። እሷ ይዘነው እንመለስ ትላለች። ፍረድልን። (ማዳበሪያው)

መልስ፦ እሷ ልክ ናት። ቤትህ ጓሮ ያለው አፈርና ጫካ ውስጥ ያለው አንድ አይደለም። አተላ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሽታው እንስሳ ይጠራል፣ ሰው ባደረበት ቦታ ምግብ መፈለግ የለመደ እንስሳ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ችግር ነው። አንተ ብቻ ብትሆን ኖሮ ምንም አልነበረም፣ ያን ቦታ የሚያድርበት ሁሉ አንድ አንድ ኩባያ አተላ እየደፋ ሲሄድ ነው የሚታየው።

እየታጠበ በሚያገለግል ማጣሪያ ይህ ነገር ከወረቀት ይልቅ ያስቸግራል፣ አልክድም። ወረቀት ቢሆን ጠቅልሎ መያዝ ነበር። መላው ግን ትዕግሥት ነው። ማጣሪያውን እንዳለ አስቀምጠው፣ ቡናህን እየጠጣህ ውሃው ይንጠፍ፣ አተላው ይቀዝቅዝ። ከዚያ አፉ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ገልብጠህ ቂጡን መታ መታ አድርገው፣ አብዛኛው ተሰብስቦ ይወድቃል። የቀረውን በጣትህ ወይም በማንኪያ ጀርባ ጥረግ። ይህን ካደረግህ ለማለቅለቅ ግማሽ ኩባያ ውሃ ይበቃል። ያን ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፋ፣ ከወንዝና ከሐይቅ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀህ ሰፋ አድርገህ በትነው። ላስቲኩን ከምግብህ ጋር አንድ ላይ አስቀምጥ፣ ድንኳን ውስጥ አይደር።

ጥያቄ፦ መፍጫ ልያዝ ወይስ ቤት ፈጭቼ ልሂድ? (ቦርሳው የከበደበት)

መልስ፦ ለአንድ ለሁለት ሌሊት ፈጭተህ ሂድ። አየር በማያስገባ ዕቃ፣ የየቀኑን ለየብቻ ቋጥረህ። የተፈጨ ቡና ከፍሬው በጣም ቀድሞ ነው ሽታውን የሚያጣው፣ ስለዚህ ሳምንት ለሚፈጅ ጉዞ የእጅ መፍጫው ክብደቱን ያካክሳል። ጠዋት በብርድ ማዞሩ ደግሞ ያሞቃል።

ጥያቄ፦ ማጣሪያውን ቤት ረስተን ብንወጣስ? ጓደኛዬ በካልሲ አጣርቶ አጠጣኝ፣ እስካሁን አላገገምኩም። (ተጎጂው)

መልስ፦ ንጹህ የጥጥ መሃረብ ካላችሁ ቀቅላችሁት ኩባያው አፍ ላይ ወጥሩና አጥልሉበት። እሱም ከሌለ ማጣሪያ የግድ አይደለም። ውሃው ሲፈላ ከእሳት አውርዱት፣ ትንሽ ይብረድለት፣ ሸከር ያለውን ቡና ጨምራችሁ አማስሉና ለአራት ደቂቃ ክደኑት። ከዚያ ላዩ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ጣል አድርጉበት፣ የተንሳፈፈው መውረድ ይጀምራል። ሌላ ሁለት ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። ስትቀዱ ድስቱን ቀስ ብላችሁ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳትመላለሱ አዘንብሉት። ሥር ያለውን ሁለት ጣት ያህል አትቅዱ፣ ለካልሲው ባለቤት ተዉለት።